የእምነት ሣጥን

በዌልስ ተራራ ግርጌ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
አባቴ ያቆመው የጣውላ መደብ ነበር።
በር የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ሻጭም አይቆምበት፤
እንቁላል በቅርጫት፣ ዋጋው በጠመኔ የተጻፈበት፣
አንዲት የብስኩት ጣሳ፣ ሳንቲም የሚጣልባት።
ስሟ ‹የእምነት ሣጥን›። አላፊ አግዳሚው
ወስዶ፣ ከፍሎ ያልፋል፣ ማንም ሳይቆጥረው።
የድንጋይ ጠራቢው ጣት፣ የበግ ሸላቹ ጣት
በዚያች ጣሳ አፍ ላይ ነው የሚተዋወቁት።
በጦርነቱ ዓመት፣ ዳቦ በራሽን ሳለ፣
‹አንድ ፔኒ ጎደለ› ብሎ አባቴ አልማለ።

አሁን እኔ ኢድዋል፣ ሰባ ስድስት ዓመቴ፣
ጣሳዋን ስከፍታት ተሸበረ አንጀቴ፤
ውስጧ የሱሪ ቁልፍ፣ የቢራ ክዳን ነው፤
ሁለት ደርዘን እንቁላል ማን እንደበላው
የበላው ያውቀዋል።
አልሁኝ፦ ‹ዘመን ከፋ። ወዴት ነው መድረሻው?
ጸሎት ቤታችንን ገዝቶት ነጋዴው፣
መስተዋት ደርድሮ ብረት ማንሻ አድርጎት፣
እናቴ በተዳረችበት፣ ወንድሜ በተሸኘበት
ጎረምሳ ያልበዋል።
መስበኪያው ቦታ ላይ ሚዛን ተቀመጠ፣
የሥጋውን ኪሎ ለሚያይ ላበጠ።
አባት ሲሞት ልጁ በስልክ ያለቅሳል፤
ቤቱ ሲሸጥ ግን በመኪና ይደርሳል።
ውሸት ‹አስተያየት›፣ ስስት ‹ጉብዝና› ተብሎ ተጠራ፣
ኅፍረት ብቻ ቀረ ያለ ስም፣ ያለ ሥራ።›

ይህን ስል ሰሙኝ እነዚያ ሰባቱ፣
በግዌንሊያን ሳሎን ለጸሎት የቀሩቱ።
‹እውነትህን ነው› አሉ፣ ራስ ነቀነቁ፤
ሌባውን ሳያዩት ሁሉም ስሙን አወቁ፦
‹ማክሰን ነው! የመካኒኩ ልጅ፣ አንገቱን ተነቅሶ
ሌሊት በሞተር የሚበር፣ ሰፈሩን አምሶ።›

ካሜራ ገዛሁኝ፣ ክብሪት የምታህል፣
ከዛፉ ቅርንጫፍ እንደ ወፍ የምትውል።
(አባቴ ቢያያት ምን ይል? ይህን አልጠየቅሁም።)
‹የእምነት ሣጥን› ከሚለው አንድ ፊደል አልፋቅሁም።

ሳምንቱ ሲሞላ፣ ሰኞ ማታ፣ ብቻዬን፣
ሻዬን ይዤ ከፈትሁ የማስረጃ ዓይኔን።
ማክሰን መጣ። ቆመ። ሦስት እንቁላል ወሰደ።
ኪሱን ዳበሰ፣ የለውም፤ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።
‹ይኸው!› አልሁ፤ ጉልበቴን በደስታ መታሁት።
ማታ ተመለሰ፤ በዝናብ አየሁት፤
ጓንቱን አውልቆ ሳንቲሙን አንድ ባንድ ቆጠረ፣
ጣሳዋን ገጠመ፣ ነፋስ እንዳይከፍታት ድንጋይ ጨመረ።
ደስታዬ ወዴት ሄደ? ለምን ቅር አለኝ?
ሌባ አለመሆኑ እንዴት ነው የከፋኝ?

እሑድ። ሦስት ከሃያ። አንዲት ልጅ ያለ ጫማ
ጉልበቷን አቅፋ ታለቅሳለች፤ ምስሉ ድምፅ የለው፣ አይሰማ።
ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣
መጽሐፉ በብብቱ፣ ባርኔጣው እስከ ቅንድብ ድረስ።
ቀረባት። ሰዓቱን አየ። ጭቃው እንዳይነካው
ዞር ብሎ አለፋት። መንገዱ ሰፊ ነው።
ያን ባርኔጣ አውቀዋለሁ፤
የገዛሁት ለወንድሜ ቀብር ነው።

ደጋግሜ አየሁት። ልጅቷን አላስታውሳት።
እምላለሁ፣ አላስታውሳት።
በክፋት አላለፍኋትም፤ ስብከቴን እየከለስሁ ነበር፣
ስለ ዘመኑ ልብ መድረቅ፣ ስለ ፍቅር መቀዝቀዝ ልናገር።

ግዌንሊያንን ጠየቅሁ፤ ዳቦ ቤቱን ጠየቅሁ፤ ማንም አያውቃት።
ፖሊሱ ‹ስሟን?› አለኝ። ስሟን ማን ጠይቋት?

እንቁላሉ ይጠፋል፣ እስከ ዛሬ፤ ሌባው አልተያዘም።
ዘመኑም ከፍቷል፤ ካልሁት ቃል አንዱንም አላነሣም፤
ውሸት ውሸት ነው፣ ስስትም ስስት ይባላል።
ግን ካሜራዋን ሳወርድ፣ ከዛፉ፣ በመሰላል፣
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ለካ ዘመን ባርኔጣ ያደርጋል።

ከመደቡ ሥር፣ ከቅርጫቱ ጎን፣ አንድ ጥንድ ጫማ አኖርሁ።
የእግሯን ቁጥር አላውቅም፤
በግምት ገዛሁ።